ቀለም የጠጣ መነጽር

እናቴ ፋሻዋ የተፈታ ለታ
ሐኪሙን አላየች፣ መስኮቱን አላየች፤
ቀድማ እኔን አየችኝ፣ «ውይ!» ብላ ጮኸች።
«ይሄ ማድያት ነው? መቼ ወጣብሽ?
ግንባርሽን ደግሞ ማን አረሰብሽ?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ተቀምጣ፣
የጠርሙስ ቂጥ በሚያህል መስታወት አጮልቃ፣
የሰው እጅ ጽሑፍ ፈታች፦
«ለአባ ዲጋ፣ አጋሮ»፣ «ለእህቴ፣ ሊሙ ሰቃ»።
የኔን ፊት ግን በጭጋግ ነበር የምታየው፣
በደግ ጭጋግ፣
ማንንም በማያስረጅ።

ምን ልበላት?
«ፀሐይ ነው፣ እማዬ። ሂርማታ መንገዱ ላይ
ፊሽካዬን ነክሼ ቆሜ እውላለሁ፤
ባጃጅ በታጠፈ ቁጥር ዓይኔን አጨናብሳለሁ።»

ከትራሷ ሥር ዳበሰች (ልማድ ነው፣ አሁንማ ታያለች)።
«እንግዲህ ይሄም እንደኔ ጡረታ ወጣ።
ክፈፉ ግን ደህና ነው፤ ላንቺ ጥላ ያውጣ።»
የድመት ዓይን ነው ቅርጹ፣ ጫፉ ወደ ላይ የሾለ፤
የግራ ማጠፊያው ብሎን ወድቆ
በመርፌ ቁልፍ የዋለ።

ዚያድ አባ ፊጣ የሚሠራው ከጃንጥላ ጠጋኙ ጎን ነው።
«በጅማ ሰማይ ሥር በፀሐይ መነጽር
እንጀራ የበላ የለም፣ ከኔ በቀር» ይላል።
«ከግንቦት እስከ መስከረም ገበያው የሱ ነው፤
ከኅዳር ወዲያ የኔ።»
ጃንጥላ ጠጋኙ ቀና ሳይል ይስቃል።

ክፈፉን ከትኩስ ጨው ቀበረው፤ ለስለስ ሲል
በአውራ ጣቱ ገፋ። ቀጭ!
የእናቴ ዓይን መዳፌ ላይ ወደቀ።
ይከብዳል። እንደማይቀልጥ በረዶ።
ጋዜጣ ቀድጄ ጠቀለልኩት፣ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

አዲሱን በካርቶን ልኬት ቆርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ፣
በሽቦ ይዞ ከሚፈላው ቀለም ነከረው፤
ከንፈሩ ይቆጥራል፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር…
«ምን ይምሰል? ጭስ? ወይን ጠጅ?»
«አወይቱን በሐምሌ አይተኸዋል? እንደሱ አርግልኝ።»
«እሱማ ጭቃ ነው!»
«ጭቃው ይሁንልኝ።»

ቀኙ በልኩ ወጣ። ግራው ድስት ውስጥ ሳለ
ስልኩ ጮኸ፤ ስለ አንድ ወይፈን ዋጋ ነው፣
ሲከራከር ቆጠራው ጠፋው።
ግራው ዘግይቶ ወጣ፣ ጠጥቶ፣ ጠቁሮ።
«ላስለቅቀው?»
«ተወው፣ ተወው።»
ከዚያን ቀን ወዲህ በግራዬ በኩል ያለችው ጅማ
ሩብ ሰዓት ቀድማ ትመሻለች።

ሾፌሮች ተቸገሩ።
ድሮ ዓይኔ ወደ እነሱ ሲዞር አይተው
ቀበቶ ይስቡ ነበር፤
አሁን የት እንደማይ ማን ያውቃል?
እንዲያው ለማንኛውም ሁሉም ታጠቀ።

ማክሰኞ እናቴ መጣች፣ ብቻዋን፣ ያለ መሪ፣
የእያንዳንዱን ሱቅ ማስታወቂያ ጮክ ብላ እያነበበች፤
«ጸጉር ቤት! ሲሚንቶ! የሚከራይ ክፍል!»
አንድ ሚኒባስ በእጄ አቆምኩላት።
ተሻገረች፤ ደረሰች፤
ሳታስፈቅደኝ መነጽሩን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ ጎትታ
ማድያቴን አንድ በአንድ አየች፣
መልሳ ሰቀለችው።

ያኔ ኪሴ ውስጥ ያለው ትዝ አለኝ።
ከጋዜጣው ፈታሁት፣ ሰጠኋት።
አንዱን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ፀሐይ፣
ወደ መስጊዱ፣ ወደ መብራቱ ምሰሶ አነሳችው፤
«አይ! በዚህ ነበር አገር ሙሉ ደብዳቤ ያደረስኩት?»
ቀጥሎ ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረች።
ቆየች።
«አሁን» አለች፤ «አሁን ልጄን መሰልሽ።»

ያቆምኩት ሚኒባስ ጡሩንባውን ነፋ።